በረኛ ማን ይግባ? የጌም ወረፋ ለምን ይረዝማል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጌም ነው። ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ልጅ ጥናቱን ትቶ ጌም ሊያስተምረን ነው» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጽሑፉ ውስጥ ሒሳብ አለ፣ የእረፍት ሰዓት ኳሳችን አለ፣ እኔ የበደልኩት አንድ ጓደኛም አለ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ለእረፍት እቤት ሲመጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤት ሥራዬን ከጨረስኩ ስልኩን ለአንድ ሰዓት ይሰጠኛል። አንድ ሰዓት ማለት ደግሞ አንድ ሰዓት ነው፤ እናቴ ሰዓት ታያለች። ስልኩ ላይ 5 ለ 5 ሆነው በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም አለ። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው አጥቂ ነው። ማን አጥቂ መሆን ይጠላል?

አንድ ቅዳሜ «ተጫዋች እየተፈለገ ነው» የሚለው ምልክት እየዞረ እየዞረ 9 ደቂቃ አስጠበቀኝ። ከአንዷ ሰዓቴ ላይ 9 ደቂቃ! «ይሄ ኔትወርክ!» ብዬ ተናደድኩ። ወንድሜ ሳቀብኝ።

«ኔትወርኩ አይደለም፤ ያስጠበቅከው አንተው ነህ» አለኝ። «እስቲ አጥቂውን ተውና ደጋፊ የሚለውን ንካው።»

ነካሁት። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጨዋታው ተጀመረ። ስልኩ ያው፣ ኔትወርኩ ያው፣ እኔም ያው ነኝ። ታዲያ ምን ተለወጠ? ወንድሜ ያስረዳኝን እና እኔም ራሴ በደብተር ላይ ያሰላሁትን ነው አሁን የምነግራችሁ።

ወረፋው ምንድን ነው?

በኢንተርኔት የቡድን ጌም ስትጫወቱ አብረዋችሁ የሚጫወቱትን ሰዎች አታውቋቸውም። «ጀምር» የሚለውን ስትነኩ ስልካችሁ ሰርቨር ለሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር «አንድ ሰው መጫወት ይፈልጋል» ብሎ መልእክት ይልካል። እዚያ ተጫዋቾችን ሰብስቦ በቡድን የሚያከፋፍል ፕሮግራም አለ። ሥራው ማችሜኪንግ ይባላል። እኔ ግን ርዕሰ መምህራችን ክረምት ላይ ተማሪዎችን በየክፍሉ እንደሚመድቡት ስለሆነ «መዳቢው» እለዋለሁ።

መዳቢውን እንደ ታክሲ አስቡት። ታክሲ ካልሞላ አይነሳም አይደል? ይሄኛው ታክሲ ግን መቀመጫዎቹ የተለያዩ ናቸው። በአንዱ መቀመጫ ላይ «ለደጋፊ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ በሌላው ላይ «ለአጥቂ ብቻ»። የአጥቂ መቀመጫዎች ሞልተው 20 አጥቂ ውጭ ተሰልፎ ቢቆም እንኳ፣ ደጋፊ እስኪመጣ ድረስ ታክሲው ንቅንቅ አይልም።

መዳቢው በአንድ ጊዜ የሚጠየቃቸው ነገሮች ሦስት ናቸው።

1ኛ. ቶሎ ይጀምር።
2ኛ. እኩል አቅም ያላቸው ሰዎች ይገናኙ።
3ኛ. ሁሉም የሚወደውን ቦታ ያግኝ።

ሦስቱንም ለሁሉም ሰው ባንዴ ማሟላት በጣም ከባድ ነው። አንዱን ሲጠብቁ ሌላው ይላላል።

ስለ 2ኛው ትንሽ ልበል። ተጫዋች ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ነገሩ የመጣው ከቼዝ ነው። አርፓድ ኤሎ የሚባሉ በሃንጋሪ ተወልደው አሜሪካ የኖሩ የፊዚክስ መምህር ለቼዝ ተጫዋቾች የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ ሠሩ። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ካንተ የሚበልጠውን ካሸነፍክ ብዙ ነጥብ ታገኛለህ፣ ካንተ የሚያንሰውን ካሸነፍክ ጥቂት። በደካማ ከተሸነፍክ ግን ብዙ ይቀነስብሃል። ዛሬ ብዙ ጌሞች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስሌት አላቸው። መዳቢው በመጀመሪያ ነጥባቸው የተቀራረበ ሰዎችን ይፈልጋል። ካጣ ቀስ በቀስ ክልሉን እያሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ በጠበቃችሁ ቁጥር በጣም ከሚበልጣችሁ ወይም በጣም ከሚያንሳችሁ ሰው ጋር የመገናኘት ዕድላችሁ ይጨምራል። ረጅም ጠብቆ 5 ደቂቃ ሳይሞላ መሸነፍ ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል!

ሁሉም አጥቂ ሲሆን

አሁን ወደ 3ኛው እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ኦቨርዋች የሚባል የኮምፒውተር ጌም አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ መጀመሪያ 6 ለ 6 ነበር። ተጫዋቾቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ታንክ የሚባለው እንደ ጋሻ ፊት ለፊት ቆሞ ዱላውን ይቀበላል። አጥቂው ይመታል። ደጋፊው ደግሞ የተጎዱ ጓደኞቹን ያክማል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦታ የሚመረጠው ቡድኑ ከተሰበሰበ በኋላ ነበር። ስለዚህ ወረፋው አጭር ነው፤ ማንም 12 ሰው ከተገኘ ጨዋታው ይነሳል። ነገር ግን ከገቡ በኋላ ከ6ቱ 5ቱ አጥቂ መሆን ይፈልጋሉ። «አንተ ደጋፊ ሁን»፣ «አልሆንም፣ ራስህ ሁን» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ተናዶ ይወጣል። ጨዋታው ሳይጀመር ተበላሸ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጌሙ ሠሪዎች ሕግ አወጡ። እያንዳንዱ ቡድን 2 ታንክ፣ 2 አጥቂና 2 ደጋፊ እንዲኖረው ተደረገ፤ ቦታውም የሚመረጠው ወረፋ ከመያዙ በፊት ሆነ። ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ ለአጥቂዎች ግን ወረፋው ረዘመ። ልብ በሉ፤ ችግሩ አልጠፋም። ቀድሞ ውስጥ የነበረው ጭቅጭቅ አሁን ውጭ ወጥቶ ወረፋ ሆነ።

እስቲ በደብተር እናስላው

የሒሳብ መምህራችን ስለ ንጥጥር ሲያስተምሩን «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ብዬ ነበር። ይኸው ጠቀመኝ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ራሴ ነኝ የመረጥኳቸው።

60 ሰው ወረፋ ላይ አለ እንበል። 12ቱ ታንክ፣ 36ቱ አጥቂ፣ 12ቱ ደጋፊ ናቸው። ሁለት ቡድን ስለሚያስፈልግ አንድ ግጥሚያ 4 ታንክ፣ 4 አጥቂና 4 ደጋፊ ይፈልጋል።

12 ታንክ ለ4 ሲካፈል 3 ግጥሚያ። 12 ደጋፊም ለ4 ሲካፈል 3 ግጥሚያ። አጥቂዎቹ 36 ለ4 ሲካፈሉ ለ9 ግጥሚያ ይበቁ ነበር፤ ግን ታንክና ደጋፊ ለ3 ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ 3 ግጥሚያ ይጀመራል፣ 12 አጥቂ ይገባል፣ 24 አጥቂ ውጭ ይቀራል።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ 60 ሰው በዚያው ዓይነት መጣ እንበል። ውጭ የቀሩት 24 አጥቂዎች በአዲሶቹ 24 ላይ ተጨምረው 48 ይሆናሉ። ቀጥሎ 72። ወረፋው በራሱ ጊዜ አያልቅም፤ ሰው ሰልችቶት እስኪሄድ ወይም ቦታ እስኪቀይር ድረስ ይረዝማል።

አሁን ደስ የሚለውን ተመልከቱ። ከ36ቱ አጥቂዎች 8ቱ ብቻ ቢቀየሩ፣ 4ቱ ታንክ፣ 4ቱ ደጋፊ ቢሆኑስ? 16 ታንክ፣ 28 አጥቂ፣ 16 ደጋፊ ይኖረናል። ግጥሚያው 4 ይሆናል፤ ውጭ የሚቀረው አጥቂ 12 ብቻ ነው። 24 የነበረው በግማሽ ቀነሰ! የተቀየሩት 8 ሰዎች ናቸው፤ ከወረፋ የወጡት ግን 12 ናቸው። 8ቱ 4 አጥቂዎችን ይዘው ነው የገቡት። 16 ሰው ቢቀየርማ ሁሉም 20፣ 20፣ 20 ይሆንና 5 ግጥሚያ ተጀምሮ ውጭ የሚቀር ሰው አይኖርም።

«ታንክ ካነሰ የታንኩን ብዛት ለምን አይቀንሱትም?» ብዬ ወንድሜን ጠየቅኩት። ተቀንሷል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኦቨርዋች 2 ጨዋታውን 5 ለ 5 አደረገው፤ በአንድ ቡድን 1 ታንክ፣ 2 አጥቂ፣ 2 ደጋፊ። በዚያው 60 ሰው አሰላሁት። ታንኮቹ ለ6 ግጥሚያ ይበቃሉ፣ ደጋፊዎቹ ግን አሁንም ለ3 ብቻ ናቸው። 3 ግጥሚያ ተጀመረ፤ 24 አጥቂ አሁንም ውጭ ነው፣ አሁን ደግሞ 6 ታንክም ተጨመረ። ስለዚህ እጥረቱ ከታንክ ወደ ደጋፊ ብቻ ዞረ። የሰዎቹ ፍላጎት ሳይቀየር መቀመጫውን መቀየር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ጌም ሠሪዎች ምን ሞከሩ?

የመጀመሪያው ዘዴ ሽልማት ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ 5 ሰዎችን በራሱ የሚሰበስብ መዳቢ አስገባ። 1 ታንክ፣ 1 ደጋፊ፣ 3 አጥቂ ነው የሚፈልገው። እዚያም አጥቂ ሞልቶ ታንክ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያ ሰዓት የጎደለውን ቦታ ለሚይዝ ሰው ተጨማሪ ሽልማት መስጠት ጀመሩ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ችግሩ ግን ለሽልማቱ ብሎ ብቻ የሚገባ ሰው አለ። ስሙ ታንክ ነው፣ ከኋላ ተደብቆ ይቆማል። እንዲህ ያለ ታንክ ወረፋ ያሳጥራል፤ ጨዋታ ግን ያበላሻል።

ሁለተኛው ዘዴ መመደብ ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ 5 ቦታዎች አሉት፤ የላይ መስመር፣ ጫካ፣ መሀል፣ የታች መስመርና ደጋፊ። ተጫዋቹ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫውን ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ሰው ሲጠፋ መዳቢው ያልመረጡት ቦታ ላይ ሊያስገባ ይችላል። ወረፋው ያጥራል። ግን አንድ ሰው ሁልጊዜ በግድ ቢመደብ ስለሚያመርር፣ አንዴ ያለ ምርጫው የተመደበ ሰው ለተወሰኑ ጨዋታዎች እንደገና እንዳይመደብ ተደረገ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛው ዘዴ ውለታ መመለስ ነው። ኦቨርዋች እ.ኤ.አ. በ2020 «የትኛውም ቦታ ይሁንልኝ» ብሎ ለሚገባ ሰው ቅድሚያ ማለፊያ መስጠት ጀመረ። ያኔ አንድ ቀን የጎደለውን ቦታ ከሞላህ፣ በሌላ ቀን አጥቂ መሆን ስትፈልግ ማለፊያህን ታሳይና ወረፋው ያጥርልህ ነበር። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይሄንን ነው።

የእኛው ሜዳ

ይሄን ሁሉ ሰምቼ ሰኞ ትምህርት ቤት ስመጣ፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ያየሁት ያንኑ ነገር ነው። እረፍታችን 20 ደቂቃ ነው። «በረኛ ማን ይግባ?» የሚለው ክርክር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በጓደኛዬ ሰዓት ለካሁት። 6 ደቂቃ! ሁሉም «እኔ አጥቂ ነኝ» ይላል። ይሄም እኮ ወረፋ ነው፤ ልዩነቱ ቆመን እየተጯጯህን መጠበቃችን ነው።

ቀድሞ ግን ይሄ ክርክር አልነበረም። ለምን? ምክንያቱም ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ሁልጊዜ በረኛ የምናደርገው አንድ የክፍላችን ልጅ ነበር። ሩጫ ላይ አይፈጥንም ብለን «አንተ በረኛ ግባ» እንለዋለን፤ እሱም ዝም ብሎ ይገባል። ብዙ ጊዜ «ግባ» የምለው እኔ ነበርኩ። ጎል ሲቆጠርበት ደግሞ ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔው ነኝ። አንድ ቀን መጫወት አቆመ። «እግሬን አሞኛል» አለንና ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ እግሩ አልዳነም። እኛም «ምን አባቱ፣ በረኛ አይጠፋም» አልን።

ጠፋ። ከሌላው ክፍል ጋር ስንጋጠም እየተቀያየርን ስንገባ 5 ለ 1 ተሸነፍን። በሁለተኛው አጋማሽ በረኛ እኔ ነበርኩ፤ 3ቱ ጎል የገባው በእኔ ነው። በእያንዳንዱ ጎል የቡድኔ ልጆች በሙሉ ዞረው አዩኝ። እዚያ ብቻዬን ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ።

በማግስቱ ግድግዳው ሥር ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። እግሩንም ጠየቅኩት። ሳቀና እንዲህ አለኝ።

«እግሬ ደኅና ነው። በረኛ መሆን እኮ አልጠላም። ሁልጊዜ እኔ ብቻ መሆኔን ነው የጠላሁት። ደግሞ እናንተ 10 ኳስ ስትስቱ ማንም አይናገርም፤ እኔ አንድ ሲያመልጠኝ ሁላችሁም ትሰድቡኛላችሁ።»

መልስ አልነበረኝም። የታንክና የደጋፊ እጥረት የሚመጣውም ከዚሁ ይመስለኛል። አጥቂ ሲስት አይታይም፤ ጋሻው ሲወድቅ ግን ሁሉም ያያል። ሥራው ከባድ፣ ምስጋናው ትንሽ፣ ስድቡ ብዙ የሆነ ቦታ ላይ ማን ይሰለፋል? እስከዛሬ ወረፋ ያልነበረን በረኛ ስለሞላን አልነበረም። የሁላችንንም ወረፋ አንድ ልጅ ብቻውን ይከፍልልን ስለነበር ነው።

የአወጣናቸው ሕጎች

ከልጆቹ ጋር ተነጋግረን፣ የስፖርት መምህራችንንም አማክረን አራት ሕግ አወጣን።

1. በረኛ የሚገባው በስም መጥሪያ ተራ ቁጥር ነው፤ በየ5 ደቂቃው ይቀየራል። ማንም ሁለት ቀን በተከታታይ በግድ አይገባም።
2. በረኛ የነበረ ልጅ በቀጣዩ ቀን የፈለገውን ቦታ ከሁሉ በፊት ይመርጣል።
3. በበረኛ ላይ የጮኸ ልጅ ያኔውኑ በረኛ ይገባል።
4. በረኛ መሆን የሚወድ ካለ በፍላጎቱ መቆየት ይችላል፤ ግን በየቀኑ ይጠየቃል እንጂ አይታዘዝም።

አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንዶቹ ተራቸው ሲደርስ «ውኃ ልጠጣ» ብለው ይጠፋሉ፤ 3ኛው ሕግ እኔንም ሁለት ጊዜ ይዞኛል። ግን ባለፈው ሐሙስ ክርክሩን እንደገና ለካሁት፤ 1 ደቂቃ አልሞላም። 5 ደቂቃ ጨዋታ አተረፍን ማለት ነው። ደግሞ በተራ ስንገባ ያላወቅነውን አወቅን፤ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋት የማያውቅ አንዲት የክፍላችን ልጅ ኳስ አያመልጣትም! «በረኛ ልሁን» ብላ ራሷ መርጣለች። ያ ጓደኛችንም ተመልሷል። አማካይ ሆኖ ይጫወታል፤ አይፈጥንም፣ ግን ኳስ ሲያቀብል እግር ሥር ነው የሚያስቀምጣት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎል ውስጥ ዘግተንበት ሳናውቀው ኖርን።

እኔም ቅዳሜ ስልኩን ስቀበል ከሁለት ጨዋታ አንዱን ደጋፊ ሆኜ እጫወታለሁ። እውነቱን ለመናገር አሁንም አጥቂ መሆን ይበልጥብኛል። ግን ወረፋው ሲረዝም ኔትወርኩን አልሳደብም፤ ራሴም የወረፋው አካል እንደሆንኩ አውቄያለሁ። ጨዋታው ሲያልቅም ለታንኩ «አመሰግናለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ 5 ለ 5 በሆነ ጌም አንድ ቡድን 1 ታንክ፣ 2 አጥቂና 2 ደጋፊ ይፈልጋል። ወረፋው ላይ 5 ታንክ፣ 15 አጥቂና 10 ደጋፊ አሉ። ስንት ግጥሚያ ይጀመራል? ከየቦታው ስንት ሰው ይቀራል? መልሳችሁን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ፤ ቀድሞ በትክክል የመለሰ ልጅ ስሙ በሰልፍ ላይ ይነበባል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ8ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል